የማክፋርሌን በርኔት ሕይወትና የወፍ ኢንፍሉዌንዛ ነገር

ባለፈው የሐጅ ሰሞን ከጅዳ ወደ መካ ወጥተን ሑጃጅን ስንረዳ፣ ከወሎ የመጡ አንዲት እናት ለሐረም ርግቦች እህል ከበተኑ በኋላ፣ የወፍ ጉንፋን የሚባለው በሽታ ከእነዚህ ይጋባ እንደሆነ ጠየቁን። ርግብ ለዚህ በሽታ እንደ ዶሮ የተጋለጠች አለመሆኗን ነግረን አረጋጋናቸው። ይሁንና ጥያቄያቸው ከልባችን አልወጣም። ቫይረሱ ቢለወጥስ? ከ1 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለጥቂት ቀናት ትከሻ ለትከሻ በሚቆምበት ቦታ ይህ እንደ ቀላል የሚታይ ነገር አይደለም። ስለዚህም ቫይረስ ለሚያድርበት አካል ራሱን እንዴት እንደሚያመቻች ቀድመው ካሳዩት ሰዎች አንዱ የሆነውን የአውስትራሊያዊውን ሐኪም የፍራንክ ማክፋርሌን በርኔትን ታሪክ ለአንባብያን ማቅረብ ወደድን። (ዓመቶቹ፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በርኔት ሴፕቴምበር 3 ቀን 1899 በቪክቶሪያ ግዛት ትራራልገን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነበር። ልጁ ግን ዓይን አፋር ሆኖ ጥንዚዛ እየሰበሰበ አደገ። አንዱን ጥንዚዛ ከሌላው መለየት የለመደው ዓይን ኋላ ለቫይረሶቹ ሳይጠቅመው አልቀረም እንላለን። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲፈጅ፣ ይኸውም የ1918ቱ የዓለም ኢንፍሉዌንዛ መሆኑ ነው፣ እርሱ የ19 ዓመት ወጣት ነበር። በሜልቦርን ሕክምና ተማረ፤ በለንደን ሊስተር ኢንስቲቲዩትም አጠና። በ1928 በበንዳበርግ ከተማ 12 ሕፃናት የዲፍቴሪያ ክትባት ተወግተው ሲሞቱ፣ ክትባቱ በስታፊሎኮከስ ባክቴሪያ መበከሉን ካረጋገጡት ሐኪሞች አንዱ እርሱ ነበር።

ከሁሉ የሚደንቀን ግን የሃምስቴዱ ዘመን ነው። በ1933 በለንደን ሃምስቴድ በሚገኘው ብሔራዊ የሕክምና ምርምር ተቋም፣ ስሚዝ፣ አንድሩስና ሌይድሎ ፌሬት በሚባል ሙጭልጭላ መሰል እንስሳ አማካይነት የሰውን ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ አገኙ። በርኔትም በዚያው ተቋም ነበር፤ እርሱ ደግሞ ሽል የያዘ የዶሮ እንቁላል ቅርፊቱን እየሸነቆረ ቫይረስ ያራባ ነበር። በ1934 ከፌሪ ጋር ሆኖ የዶሮ ቸነፈር የሚባለውን በሽታና እኛ አገር ፈንግል የምንለውን በዚሁ ዘዴ ለይቶ አሳየ። የዶሮው ቸነፈርና የሰው ኢንፍሉዌንዛ በአንድ ተቋም ውስጥ ሲመረመሩ ዘመዳሞች መሆናቸውን ግን ያወቀ አልነበረም። የዶሮ ቸነፈር ራሱ ኢንፍሉዌንዛ ኤ መሆኑን ጀርመናዊው ሼፈር ያስረዳው በ1955 ነው።

በርኔት ወደ ሜልቦርን ሆል ኢንስቲቲዩት ተመልሶ እንቁላሉን ቀጠለበት። በ1943 ገደማ አንድ ነገር አስተዋለ። ከሕመምተኛ ጉሮሮ የተወሰደ ቫይረስ መጀመሪያ በእንቁላል ሲራባ የሰውን ቀይ የደም ሕዋስ በደንብ ያጣብቃል፤ የዶሮን ግን እምብዛም ነው። ከእንቁላል ወደ እንቁላል ደጋግሞ ሲዛወር የዶሮውንም እኩል ያጣብቃል። ምክንያቱ ዛሬ ታውቋል። ቫይረሱ ሕዋስን የሚይዘው ሄማግሉቲኒን በተባለ ፕሮቲን ነው፤ የሚይዘውም በሕዋሱ ገጽ ላይ ያለውን ሲያሊክ አሲድ የተባለ ስኳር ነው። ይህ ስኳር በወፍ አንጀትና በሰው ጉሮሮ የተያያዘበት አኳኋን ይለያያል፤ ፕሮቲኑ ላይ አንድ ሁለት አሚኖ አሲድ ሲለወጥ አያያዙም ይለወጣል። እንግዲህ በርኔት ያየው የሰው ቫይረስ ወፉን ሲለምድ ነበር። እኛ የምንፈራው ተቃራኒውን ነው።

ኋላም ከፓትሪሻ ሊንድ ጋር ሁለት ዓይነት ቫይረስ አዳቅሎ፣ የመግደል ኃይል በአንድ ባሕርይ ብቻ እንደማይወሰን አሳየ። ይህም ዛሬ በግልጽ ይታያል። ሄማግሉቲኒን ካልተሰነጠቀ ቫይረሱ ወደ ሕዋስ አይዘልቅም። በኤች5ና በኤች7 ዓይነቶች የሚሰነጠቅበት ቦታ ላይ አርጂኒንና ላይሲን ሲደራረቡ፣ በመላ አካል የሚገኘው ፉሪን የተባለ ኢንዛይም ይሰነጥቀዋል፤ ዶሮዋም ባጭር ጊዜ ትሞታለች። ፒቢ2 በተባለው ፕሮቲን 627ኛው ቦታ ላይ ግሉታሚክ አሲድ በላይሲን ሲተካ ደግሞ የወፉ ቫይረስ በጡት አጥቢ አካል ውስጥ በርትቶ ይራባል። መግደል ግን መዛመት አይደለም። በ1997 በሆንግ ኮንግ ኤች5ኤን1 ከያዛቸው 18 ሰዎች 6ቱ ሞቱ፤ ሆኖም ቫይረሱ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ አልቀጠለም። ከቀይ ባሕር ማዶ በግብፅም ከ2006 ጀምሮ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሲያዙ እንዲሁ ነበር። የሆላንድ ተመራማሪዎች ግን በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ አምስት ያህል ለውጦች ቫይረሱን በፌሬቶች መካከል በአየር እንዲተላለፍ ሊያደርጉት እንደሚችሉ አሳይተዋል።

እኛ የሦስተኛው ዓለም ልጆች ዘልለነው የማናልፈው ነገርም አለ። በርኔት በ1947 ለአገሩ የመከላከያ ባለሥልጣኖች በምስጢር ባቀረበው ጽሑፍ፣ ሕዝብ በበዛባቸው የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች ላይ ሰብል የሚያጠፋና ተላላፊ በሽታ የሚያዛምት መሣሪያ እንዲዘጋጅ ሐሳብ ሰጥቷል። ሰነዱ የታወቀው ከሞተ በኋላ ነው። በራሱ ላይ ሙከራ ለማድረግ ያልሳሳ ሰው ነበር፤ በ1951 የጥንቸል ገዳዩ ማይክሶማ ቫይረስ ሰውን እንደማይጎዳ ለማሳየት ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ራሱን አስወግቷል። ያው ሰው የእስያን ገበሬ እንዲህ ማየቱ ያሳዝነናል።

በ1960 ከሜዳዋር ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ ይህም ለኢንፍሉዌንዛው ሳይሆን ስለ በሽታ መከላከያ ኃይላችን ለሠራው ነው። በ1972 በታተመ መጽሐፍ የተላላፊ በሽታዎች መጪ ዘመን ብዙ አዲስ ነገር የሌለበት እንደሚሆን ገመተ። እዚሁ ጅዳ በ2012 ዶክተር አሊ ሞሐመድ ዛኪ ከአንድ ሕመምተኛ አዲስ ኮሮና ቫይረስ ማግኘታቸው፣ ኋላ መርስ የተባለው ማለት ነው፣ ግምቱ የቱን ያህል እንደሳተ ያሳያል። በርኔት ግን ይህን አላየም፤ ኦገስት 31 ቀን 1985 በካንሰር ሞተ።

ከሐጅ በፊት የምንወጋው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት አብዛኛው ዛሬም በእንቁላል የሚራባ ነው። በርኔት ያየው ለውጥ እዚያም ስለሚደርስ፣ አንዳንድ ዓመት ክትባቱ ከሚዘዋወረው ቫይረስ ጋር በደንብ ሳይገጥም ይቀራል። ለወሎዋ እናት ይህን ሁሉ አላወራንላቸውም፤ ክትባቱን መወጋታቸውን፣ ርግቦቹን ካበሉም በኋላ እጃቸውን መታጠባቸውን ብቻ ጠየቅን።