አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ፤ ከወፍጮ እስከ ብዕር

ፈተና ሲቃረብ ከመካከላችን አንገቱን የሚደፋ አይጠፋም። ጓደኞቹ የያዙት ትምህርት ለእርሱ አልገባ ይለዋል፤ ወላጆቹ የለፉትን ልፋት ያስባል፤ በመጨረሻም ለዚህ ቦታ የተገባሁ አይደለሁም ወደ ማለት ይደርሳል። ስለዚህ የአንድ ተማሪ ታሪክ ለአንባብያን ልናቀርብ ወደድን። ተማሪው ከስድስት መቶ ዓመት በፊት የኖረው አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ነው።

ጊዮርጊስ የተወለደው በ1357 ዓ.ም. ገደማ በወሎ ምድር ነው። አባቱ ሕዝበ ጽዮን በቤተ መንግሥቱ ድንኳን ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል የተማረ ካህን ነበር። ልጁም እንደ እርሱ ሊቅ እንዲሆንለት ተመኝቶ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ላከው።

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በአምባሰል ተራሮች አቅራቢያ ከሚገኘው ሐይቅ ላይ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ታላቅ የትምህርት ቤት አድርጎት ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከዚያ ተምረዋል። የዚያ ዘመን ዩኒቨርሲቲ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

እንግዲህ በዚህ ስመ ጥር ቤት ጊዮርጊስ ትምህርት አልገባው አለ። እኩዮቹ ንባቡን ዘልቀው ወደ ዜማው ሲሻገሩ እርሱ ከፊደሉ ጋር ይታገል ነበር። ጓደኞቹም ይሥቁበት ጀመር። በቤተ ክርስቲያን እንደሚተረከው፣ መነኮሳቱ ተስፋ ቆርጠው ልጁን ለአባቱ መለሱለት። አባቱ ግን አንድ ጊዜ ለእግዚአብሔር የሰጠሁትን መልሼ አልወስድም ብሎ ባይማርም እንኳ እንዲያገለግል ወደ ገዳሙ ሰደደው።

ያገኘውም አገልግሎት እህል መፍጨት ነበር። በአገራችን ወፍጮ የሴት ሥራ ተብሎ የተናቀ መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። ሴት በማይገባበት ገዳም ደግሞ ለመጅ የሚጎነበሰው ከሁሉ ያነሰ የተባለው ነው። ሊቅ ሊሆን የተላከው የካህን ልጅ ቀን ለማኅበሩ ሲፈጭ ይውላል፤ ሌሊት በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆሞ ያለቅሳል። ዓመታት እንዲህ አለፉ። ከዚያም እመቤታችን ተገልጣ የጥበብ ጽዋ እንዳጠጣችውና አእምሮው እንደበራ ገድሉ ይተርካል።

ከመካከላችን ይህን ተአምር የሚቀበልም የሚጠራጠርም ይኖራል። ከወፍጮው ሥር የተነሣው ሰው የሠራው ሥራ ግን በዓይናችን ፊት አለ። በየአድባራቱ ሌሊት የሚቆመው ሰዓታት የእርሱ ድርሰት ነው። አርጋኖንም የእርሱ እንደሆነ ይነገራል። በ1416 ዓ.ም. የፈጸመው መጽሐፈ ምሥጢር 30 ድርሳናትን የያዘ ሲሆን፣ የአርዮስንና የንስጥሮስን ትምህርት እየነቀሰ ይመልሳል። ፊደል የከበደው ልጅ በግእዝ ሥነ ጽሑፍ ከሁሉ ከፍ ካሉት ደራስያን አንዱ ሆነ።

ጸጋው ከመከራ አላዳነውም። ከቢቱ ጋር ባደረገው የሃይማኖት ክርክር ምክንያት እስር ደርሶበታል። ነገር ግን ብዕሩን አልጣለም። መጽሐፈ ምሥጢርን በፈጸመ በዓመቱ፣ ሐምሌ 7 ቀን 1417 ዓ.ም. ዐረፈ። ቀኑም እስከ ዛሬ መታሰቢያው ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው አንገቱን ለደፋው ወንድማችንና እኅታችን ነው። ጸጋ እንደ ሽልማት በውጤት ተለክቶ አይሰጥም፤ ቢሆንማ ኖሮ ከሐይቅ ተማሪዎች ሁሉ መጨረሻ የሚደርሰው ለጊዮርጊስ ነበር። ሆኖም እጁን አጣጥፎ አልጠበቀውም፤ የተሰጠውን የተናቀ ሥራ እየሠራ ነው የተቀበለው።

ሁለተኛው ለእኛ፣ ለሣቂዎቹ ነው። ጊዮርጊስን ያተረፈው ሰው ሁሉ ሲተወው አልወስደውም ብሎ የመለሰው አባት ጭምር ነው። እኛስ በየክፍላችን ስንቱን ጊዮርጊስ በሣቃችን ከወፍጮው ሥር አስቀርተን ይሆን? ከፈተናው በፊት አጠገባችን የተቀመጠውን አይተን፣ መጽሐፋችንን ገልጠን አብረነው ብናነብ መልካም ነው።