ነፋስ ያነበበው ሰው፤ አንሪ ደ ሞንፍሬድ ከቀይ ባሕር እስከ ድሬዳዋ

መርካቶ ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ ፍለጋ ጎራ ያለ ሰው ሁለት ነገር ሳያስተውል አይቀርም። አንደኛው ዕቃው የሚጠራበት ቋንቋ ነው። ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ ካምቢዮ፣ ፍሬን፣ ፓራውልት... ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። መርካቶ የሚለው የገበያው ስም ራሱም እንዲሁ። ሁለተኛው ዕቃው የመጣበት መንገድ ነው። ዋጋው ለምን ናረ ብሎ ለሚጠይቅ ደንበኛ የነጋዴው መልስ ዞሮ ዞሮ ጅቡቲ ላይ ያርፋል። ኮንቴይነሩ ዘግይቷል፣ ወደብ ላይ ተይዟል፣ የመርከብ ኪራይ ጨምሯል...

የጅቡቲ ባሕርና የጣሊያን ዘመን በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ እንዴት እንደተገናኙ ማየት የሚፈልግ ሰው የአንሪ ደ ሞንፍሬድን ታሪክ ቢከታተል አይቆጨውም። ፈረንሳዮች ጀብደኛ ደራሲ ይሉታል። የእንግሊዝ የባሕር ጠባቂዎች ደግሞ የሚያውቁት በኮንትሮባንዲስትነቱ ነበር። እኛ አገር የእሱን ስም የሚያነሳ ሰው ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ከሕይወቱ ብዙውን ክፍል ያሳለፈው በእኛ ምሥራቅና በእኛ ባሕር ደጃፍ ነው። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሠዓሊው ልጅ

ሞንፍሬድ በ1879 በደቡብ ፈረንሳይ፣ በሜዲትራኒያን ዳርቻ በምትገኘው ሉካት ተወለደ። አባቱ ጆርጅ ዳንኤል ደ ሞንፍሬድ ሠዓሊና የዝነኛው ፖል ጎጋን የልብ ወዳጅ ነበር። አባትየው የራሱ ጀልባ ስለነበረው ልጁ ሸራ መዘርጋትንና መሪ መያዝን የተማረው ገና ጢም ሳያበቅል ነው። በአውሮፓ ሀብታሞች ዘንድ በበጋ ወራት በትንሽ ጀልባ ዳርቻ ለዳርቻ መጓዝ የመዝናኛ ወግ ሆኖ የተስፋፋው በዚያው ዘመን ነበር። ለትንሹ አንሪ ግን ባሕሩ ከመዝናኛ በላይ ሆነ፤ ዕድሜውን ሙሉ የሚመለስበት ትምህርት ቤቱ ነበር።

በየብስ ላይ ዕድል ፊቷን አዞረችበት። ወላጆቹ ተለያዩ። እሱ ፓሪስ ገብቶ ቢማርም የተመኘው ከፍተኛ የምሕንድስና ትምህርት ቤት ሳይቀበለው ቀረ። ከዚያ ወዲያ ያልሞከረው ሥራ የለም ማለት ይቻላል። ቡና ተሸክሞ በየቤቱ ሸጠ፤ ሾፌር ሆነ፤ በወተት ድርጅት ተቀጠረ፤ በኋላም የራሱን የወተት ንግድ ከፍቶ ከሰረ። በዚህ ላይ ሕመም ተጨመረበት። በ1911፣ ዕድሜው 30ን ከተሻገረ በኋላ፣ እጁ ላይ እዚህ ግባ የሚባል ነገር ሳይኖር ወደ ጅቡቲ ተሳፈረ።

ከድሬዳዋ መጋዘን ወደ ባሕር

ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 ነበር። አዲስ አበባ እስኪገባ ግን እስከ 1917 ጊዜ ወስዶበታል። በመሐሉ ድሬዳዋ የሐረርጌ ቡናና ቆዳ የሚራገፍባት፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱና ዓረቡ የሚነግድባት ሞቅ ያለች ከተማ ሆነች። ሞንፍሬድም እዚያ ቡናና ቆዳ ለሚገዛ ፈረንሳዊ ነጋዴ ተቀጠረ። ዓረብኛ ለመደ፤ እንደ አገሬው ሰው ለበሰ፤ ከሶማሌውና ከአፋሩ ጋር አብሮ በላ። ይህ አኗኗሩ የጅቡቲ ፈረንሳዮችን አላስደሰተም። የነጭን ክብር የሚያዋርድ አድርገው አዩት።

የመጋዘን ኑሮ ብዙም ሳይቆይ ሰለቸው። ሥራውን ለቆ ጀልባ ገዛ፤ ወደ ሉልና ወደ ጠመንጃ ንግድም ገባ። በዚያን ዘመን አሮጌ የአውሮፓ ጠመንጃ ጅቡቲ ላይ ይሸጥ ነበር። የተከለከለው ያለፈቃድ ወደ ሌላ ዳርቻ ማሻገሩ ነው። ሞንፍሬድ ያተረፈው በዚህ ቀዳዳ በኩል ሲሆን በዚያው ሰበብም ጅቡቲ ውስጥ ታስሯል። በ1914 እስልምናን ተቀብሎ ዐብዱል ሐይ ተባለ። እምነት ነው የንግድ ብልሃት የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ያም ሆነ ይህ ስሙ ከባሕረኞቹ ጋር ቤተሰብ አድርጎታል።

መኖሪያውን ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ማዶ በምትገኘው ኦቦክ አደረገ። ፈረንሳዮች ዋና ከተማቸውን ወደ ጅቡቲ ካዛወሩ በኋላ ኦቦክ የተረሳች መንደር ሆና ነበር። አይን በማይበዛባት በዚህች ዳርቻ ከጀርመናዊት ሚስቱ ከአርምጋርት ጋር ልጆች አሳደገ። አልታይር የተባለችውን ባለ ሁለት ምሰሶ ጀልባውንም የሠራው እዚያው ነው።

ጉዞው እንዴት ይታቀዳል?

የሰውየውን ችሎታ ለመረዳት ያለ ሞተር፣ በሸራ ብቻ ቀይ ባሕርን መሻገር ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ከጅቡቲ እስከ ስዊዝ ከ2 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የእንፋሎት መርከብ ቀጥ ብሎ ሲሄድ የሸራ ጀልባ ግን የሚሄደው ነፋሱ ሲፈቅድለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው የዕቅድ ጥያቄ ወሩ ነው።

እኛ ክረምት በምንለው ጊዜ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው፣ ሶማሌ ተራ በጭቃ ሲዋጥ የቀይ ባሕር ዳርቻ ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ይነዳል። በእነዚህ ወራት ነፋሱ ከስዊዝ እስከ ባብ ኤል መንደብ ድረስ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይነፍሳል። ወደ ጅቡቲ ለሚወርድ ጀልባ ስጦታ ነው፤ ወደ ስዊዝ ለሚወጣ ግን ግድግዳ። ከጥቅምት በኋላ ነገሩ ይለወጣል። በደቡቡ አጋማሽ ነፋሱ ከደቡብ ስለሚመጣ ጀልባዋን ወደ ሰሜን ይገፋታል። በሰሜኑ አጋማሽ ግን ያው የሰሜን ነፋስ እንደጸና ነው። ስለዚህ ወደ ግብፅ የሚሄድ ባሕረኛ እስከ መሐል በጀርባው ነፋስ እየተገፋ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ በነፋሱ ፊት ግራና ቀኝ እየተመላለሰ እያንዳንዷን ኪሎ ሜትር በላብ ይገዛል።

ሁለተኛው ጥያቄ የኮራል ድንጋይ ነው። ከዳህላክ እስከ ፋራሳን ደሴቶች ባሕሩ ውስጥ ለውስጥ ስለት በመሰለ ድንጋይ ተሞልቷል። ድንጋዩ በዓይን የሚለየው ፀሐይ ከፍ ስትል ወይም ከጀርባ ስትሆን ነው፤ ከፊት ስትሆን ነጸብራቁ ያሳውራል። በዚህም ምክንያት ዳርቻ ይዞ የሚሄድ ጀልባ በቀን ይጓዛል፤ ምሰሶ ላይ ሰው ይሰቅላል፤ ሳይመሽ ከድንጋዩ ጀርባ መልህቅ ይጥላል። በዳርቻው ላይ ስማቸው መርሳ ብሎ የሚጀምር ቦታዎች የበዙት ለዚህ ነው፤ በዓረብኛ መርሳ ማለት መልህቅ መጣያ ማለት ነው። በኤርትራ ዳርቻ ያለችው መርሳ ፋጥማም ከእነዚህ አንዷ ናት።

ሦስተኛው ውኃ ነው። በርሜል ውስጥ ያለው ውኃ ለስንት ሰው ስንት ቀን እንደሚበቃ ሳይቆጠር መልህቅ አይነሳም፤ ቀጣዩ ጉድጓድ የት እንዳለና ጨዋማ መሆን አለመሆኑም መታወቅ አለበት። ምግቡ ሩዝ፣ ተምር፣ የማሽላ ዱቄትና ከባሕሩ የሚጠመድ ዓሣ ነው። ነፋስ ጠፍቶ አንድ ሳምንት መቆም የተለመደ ስለሆነ የጉዞው ቀን ስሌት ሁልጊዜ ከልኩ በላይ ይያዛል።

ሞንፍሬድ ሌላውን ነጭ የበለጠው እዚህ ላይ ነበር። እሱ ካርታና ኮምፓስ ያውቃል፤ ሶማሌዎቹ፣ አፋሮቹና ዓረቦቹ ባሕረኞቹ ደግሞ የውኃውን ቀለም፣ የወፉን አበራርና የከዋክብቱን መውጫ ያውቃሉ። ሁለቱን ዕውቀት አንድ ጀልባ ላይ አገናኘ። ጥልቀት የማይፈልገው ጀልባው የጥበቃ መርከብ ሊገባበት በማይችለው የድንጋይ መሐል ሾልኮ ያልፋል። መጽሐፎቹ በስሙ ቢወጡም የታሪኩ ግማሽ የእነዚያ ባሕረኞች መሆኑን መርሳት አይገባም።

ሐሺሽ የጫነው ጀልባ

የዚህ ሁሉ ስሌት ፈተና የመጣው በ1915 ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ተፋፍሞ እንግሊዞች ቀይ ባሕርን በቱርክ ላይ ይጠብቁ ነበር። ሞንፍሬድ ግሪክ ድረስ ሄዶ፣ እዚያ በግልጽ ይመረት የነበረውን ሐሺሽ ገዝቶ በመርከብ ወደ ጅቡቲ አስመጣ። ከዚያ ፈትሕ ኤል ራሕማን በተባለችው ትንሽ ጀልባው ጭኖ ወደ ስዊዝ አቀና። ግብፅ ውስጥ ሐሺሽ ቢከለከልም ገዢው ብዙ፣ ዋጋውም ውድ ነበር። ዕቃውን በበረሃማው ዳርቻ አሸዋ ውስጥ ቀብሮ ገዢ ፍለጋ ሄደ፤ ተሳካለትም። ከዓመታት በኋላ የጻፈው መጽሐፍ ይህን ጉዞ በዓለም ታወቀ የሚባል ታሪክ አድርጎታል።

እዚህ ላይ አንባቢ በጀልባው ውበት ተማርኮ ጭነቱን መርሳት የለበትም። ሐሺሹ የደረሰው የካይሮ ድሃ ሠራተኛ ዘንድ ነው። ጠመንጃውም የደረሰበት ዳርቻ ያኔ ሰላም አያውቅም ነበር። በባሪያ ንግድ ጭምር ተጠርጥሮ ስሙ ይነሳ ነበር፤ እሱ ግን እስከ መጨረሻው ክዷል።

ድሬዳዋ ስትከብረው

ከባሕር የተገኘው ገንዘብ ወደ ድሬዳዋ ተመለሰ። በ1920ዎቹ ሞንፍሬድ በከተማዋ የኤሌክትሪክ ማመንጫና የዱቄት ወፍጮ ባለቤት ሆነ። በሐረርና በድሬዳዋ መካከል በምትገኘው አራዌም ቤት ነበረው። ኮንትሮባንዲስቱ የከተማ ባለ ኢንዱስትሪ ሆነ ማለት ነው።

በመርከብ ጉዞ ላይ የተዋወቀው ካቶሊካዊው ቄስና የቅሪተ አካል ተመራማሪ ቴይላር ደ ሻርዳን ሊጠይቀው መጣ። ሁለቱ በ1929 ድሬዳዋ አጠገብ አንድ ዋሻ አገኙ፤ ፖርክ ኤፒክ፣ ማለትም የጃርት ዋሻ ተባለ። በ1933 በተደረገው ቁፋሮ የጥንት ሰው መንጋጋ ወጣበት። ዋሻው ዛሬም በዓለም ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀ የድንጋይ ዘመን ቅርስ ነው። ከሰውየው ሥራዎች ሁሉ ኢትዮጵያን በንጹሕ የጠቀመው ምናልባት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ሌላው እንግዳ ዕጣውን ለወጠው። ጋዜጠኛው ጆሴፍ ኬሴል በ1930 የባሪያ ንግድን ሊመረምር ሲመጣ ሞንፍሬድን አገኘ። የነገረውን ሁሉ ሰምቶ እንዲጽፍ ገፋፋው። የቀይ ባሕር ምስጢሮች የተባለው መጽሐፍ ሲወጣ ሞንፍሬድ 50 ዓመት አልፎታል። መጽሐፉ ገበያውን አጥለቀለቀው፤ በ1937ም ፊልም ሆነ። የታንታን ደራሲ ኤርዤ እንኳ ከሥዕላዊ ታሪኮቹ በአንዱ የእሱን አምሳል የመርከብ አለቃ አድርጎ ስሎታል። በቀሪ ዕድሜው 70 የሚጠጉ መጻሕፍት ጻፈ።

በወራሪው ጀልባ

ብዕሩ ግን ከኢትዮጵያ ጋር አጣላው። ስለ አገሪቱና ስለ ንጉሠ ነገሥቱ የሚጽፈው ነገር ጥላቻ እየበዛበት ሄዶ በ1933 ከአገር ተባረረ። ወፍጮውንና ቤቱን ትቶ ወጣ። የተበደለ ሰው ቢከፋ አይገርምም። ሞንፍሬድ ግን ከመከፋት አልፎ የሙሶሊኒ ወገን ሆነ። በ1935 ፋሺስት ኢጣሊያ ስትዘምት በኦጋዴን ግንባር ከወራሪው ጦር ጎን ተሰልፎ ዘገበ፤ ወረራውን ለፈረንሳይ አንባቢ ሥልጣኔ አስመስሎ አቀረበ። የመርዝ ጋዝ በወገኖቻችን ላይ የዘነበው በዚያው ጦርነት ነው።

ከዚያ በጣሊያኖች ከለላ ሥር ወደ ሐረርጌ ተመለሰ። አዲስ አበባ ላይ የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ ሲፈጸም፣ ጣሊያኖች የአገሬውን ሰው ገበያ ከአራዳ ነቅለው ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ወደ አዲስ ከተማ ሲያዛውሩ፣ ሞንፍሬድ ቀድሞ የተባረረበት አገር ውስጥ በድል አድራጊ ወገን ይኖር ነበር። አብረውት ባሕር የዞሩትን ጥቁር ባሕረኞች ያከብር የነበረ ሰው በዘር ለሚለይ አገዛዝ እንዴት አጎበደደ? መልሱ ምናልባት የጀልበኛ ልማዱ ውስጥ ይገኛል። የጠነከረውን ነፋስ ለይቶ ሸራውን ወደዚያ ማዞር ባሕር ላይ ብልኅነት ነው። በሕዝቦች ጉዳይ ግን ይህ ልማድ ሰውን የበዳይ ተባባሪ ያደርጋል።

ያ ነፋስም አልቆየም። በ1941 ኢጣሊያ ተሸነፈች። ሞንፍሬድን እንግሊዞች ይዘው ወደ ኬንያ አጋዙት። በ1947 ፈረንሳይ ገባና በአንዲት የገጠር መንደር ተቀመጠ። ባሕሩን ግን አልተወም፤ በ1958፣ 80 ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ ከሬዩኒየን ደሴት በትንሽ ጀልባ ወጥቶ ጠፋ። ሞቷል ተብሎ ተስፋ ከተቆረጠ በኋላ ማዳጋስካር ላይ ደረሰ።

የሞተው ታኅሣሥ 4 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በ95 ዓመቱ ነው። ያባረሩት ንጉሠ ነገሥት ከዙፋን ከወረዱ ሦስት ወር ብቻ ሆኗቸው ነበር። ፈረንሳዮች እስከ ዛሬ መጻሕፍቱን እያሳተሙ ጀግንነቱን ይተርካሉ። እኛ ግን ከ1993 ወዲህ ወደብ አልባ የሆንን ሕዝብ እንደመሆናችን ከዚህ ሕይወት የምንወስደው ሌላ ነው። ነፋሱን፣ ድንጋዩንና ወሩን ቆጥሮ ባሕርን በትንሽ ጀልባ መግዛት እንደሚቻል ያሳየው እዚሁ ደጃፋችን ላይ፣ በአካባቢው ባሕረኞች ዕውቀት ነው። ሙያውን ልንማርለት ይገባል፤ ጭነቱንና ወገኑን ግን እሱ ራሱ ይሸከመው።