ፊደል ያልቆጠሩት ሚኒስትር

ሰው ሲጽፍ ፊደል ቢስት፣ የቃላቱም አገባብ ቢዛባበት አእምሮው ደካማ ነው ለማለት ይቻላልን? ይህ ጥያቄ ለተማሪዎችና ለወጣት ሠራተኞች ተራ የክርክር ርእስ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የሰው ጉዳይ የሚፈጸመውና የሚጓተተው ብዙ ጊዜ በዚሁ ፍርድ ነው። ስለዚህ ነገሩን በሐሳብ ብቻ ከምንመላለስበት፣ ፊደል ሳይቆጥሩ የአንድ ታላቅ መንግሥት የጦር ሚኒስትር ለመሆን የበቁትን የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን ሕይወት በአጭሩ ብንመለከት ይሻላል።

አስቀድሜ ግን ይህን ርእስ ለመምረጥ ያነሣሣኝ የራሴ ጥፋት መሆኑን ልናገር። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ በወላይታ ሶዶ በአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ እንደ ጀመርሁ፣ አንድ በዕድሜ የገፉ ገበሬ ከደጋው ወርደው ማመልከቻ ሰጡኝ። ማመልከቻውን የጻፉት ራሳቸው ናቸው። እኔም የያዝሁትን ቀይ እስክሪብቶ አንሥቼ ሠራተኛ በሚለው ቃል በንጉሡ ሠ ፈንታ እሳቱ ሰ መግባቱን፣ ግሡም ከባለቤቱ ጋር አለመስማማቱን እያሰመርሁ፣ አባባ በደንብ አስገልብጠው ይምጡ ብዬ መለስኋቸው። በሚቀጥለው የገበያ ቀን መጡ፤ አሁንም ስሕተት አገኘሁና መለስኋቸው። በሦስተኛው ጊዜ ብቻ ፍሬ ነገሩን አነበብሁ። ሰውዬው የመሬታቸውን አራት ጎን በገመድ ለክተው፣ በመዝገብ ላይ የተጻፈው ስፋት ከጎረቤታቸው ይዞታ ጋር መደራረቡን በሒሳብ አስረድተው ኖሯል። ሒሳቡን ደጋግሜ ሠራሁት፤ የተሳሳተው መዝገቡ እንጂ እርሳቸው አልነበሩም። እኔ ፊደል ስለቅም በሰነበትሁበት ጊዜ ግን በክርክሩ ድንበር ላይ የቆመው ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ተሽጦ ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ ራሴን የምጠይቀው ይህን ነው። የእኒህ አባት የተፈጥሮ ቋንቋ ወላይትኛ ነው። ወላይትኛ ከኦሞ ቋንቋዎች ወገን ሲሆን አማርኛ ከሴም ቋንቋዎች ወገን ነው። አማርኛ የሌለው ድምፅ አለው፤ የግሡም አረባብ ሌላ ነው። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ደግሞ የሶዶ ሕፃን ወላይትኛን በላቲን ፊደል ይማራል፤ አማርኛን በግእዝ ፊደል፣ እንግሊዝኛንም ጨምሮ ያጠናል። በ1992 ዓ.ም. ወጋጎዳ የተባለው የተደባለቀ ቋንቋ በትምህርት መጻሕፍት ገብቶ በመጣ ጊዜ፣ የወላይታ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ እስከ ሞት የታገለው የቋንቋና የጽሕፈት ነገር ምን ያህል ከሰው ክብር ጋር የተያያዘ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። እንግዲህ በሦስተኛ መንገድ ተጉዞ አማርኛ የጻፈ ሰው ቢሰናከል፣ መሰናከሉ የመንገዱን ርዝመት እንጂ የእግሩን ድካም ያሳያልን?

አሁን ወደ ባለታሪካችን እንመለስ።

ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በ1840ዎቹ ዓመታት ገደማ በጨቦ ምድር ተወለዱ። የዘር ሐረጋቸው ከኦሮሞና ከጉራጌ የሚመዘዝ ነው። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ጦራቸው ወደዚያ አገር በዘመተ ጊዜ በለጋነታቸው ተማርከው ወደ ሸዋ መጡ። በዚያ ዘመን የካህን ወይም የመኳንንት ልጅ በአብነት ትምህርት ቤት ፊደልና አቡጊዳ ቈጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስን አንብቦ፣ ዳዊት ይደግም ነበር። ቁም ጽሕፈት ግን ለብቻው እንደ ሙያ የሚታይ ስለ ነበር፣ ዳዊት ከደገሙትም ውስጥ ብራና ፊት ተቀምጠው ለመጻፍ የሚችሉት ጥቂቶች ነበሩ። ምርኮኛው ልጅ ከዚህ ሁሉ ውጭ ሆነው አደጉ። ለእርሳቸው የተሰጣቸው ትምህርት ቤት ሰፈሩ፣ ዘመቻውና የጌታ ደጅ ነው።

በዚህም ትምህርት ቤት ሰው መለየትን፣ ነገር መስማትንና መታገሥን ተማሩ። የፈረስ ስማቸው አባ መቻል መባሉም እንደ አጋጣሚ ለጠባያቸው የተስማማ ነበር። በአገልግሎታቸው ከደረጃ ወደ ደረጃ ከፍ እያሉ ሄደው በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ዘመቻ ተሰለፉ። ከዐድዋ በኋላም ፊታውራሪ ተብለው ጦር እየመሩ እስከ ቦረና ድረስ ዘመቱ፤ ያንንም አገር እንዲገዙ ተሾሙ።

በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ እንደ አውሮፓ መንግሥታት ሥርዐት ለመጀመሪያ ጊዜ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ፣ የጦር ሚኒስትርነቱን ለፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰጡ። ነገሩን ልብ ብሎ ላስተዋለ በዚያ ጉባኤ ላይ አንድ አስደናቂ ነገር ይታያል። የጽሕፈት ሚኒስትር የሆኑት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ፣ የምኒልክን ዜና መዋዕል የጻፉት ሊቅ ናቸው። በአንድ ወገን የብዕር ሰው፣ በሌላ ወገን ብዕር ጨብጠው የማያውቁ የጦር ሰው በአንድ ሸንጎ ተቀመጡ። ሁለቱንም የመረጧቸው አንድ ንጉሥ ናቸው። ምኒልክ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ለማቆም ያን ያህል የደከሙ ሲሆኑ፣ ፊደል አለማወቅን ከአእምሮ ማነስ ጋር አንድ አድርገው አልቈጠሩትም።

ፊታውራሪ በተለይ ስማቸው የገነነው በነገር አዋቂነታቸውና በፍርዳቸው ነው። በዚያን ጊዜ ሙግት በቃል የሚካሄድ ስለ ነበር፣ ዳኛ የተከራካሪዎቹን ቃል፣ የምስክሮቹን ልዩነት፣ የዋሱንም ማንነት በልቡ መያዝ ነበረበት። ወረቀት ለማያነብ ሰው ትዝታው መዝገቡ ነው። የእርሳቸውም መዝገብ የማይበረዝ እንደ ነበረ፣ አስቸጋሪ ሙግቶችን ስለ ፈቱበት ብልኀት በሕዝብ አፍ ሲነገር የኖረው ተረትና ወግ ይመሰክራል። የሚልኩት ደብዳቤ በጸሐፊ ይጻፋል፤ በማኅተማቸው ይጸናል። ሐሳቡ ግን የእርሳቸው ነበር።

ይህ ብልኀት ከሁሉ ይልቅ የተፈተነው በ1909 ዓ.ም. ነው። ልጅ ኢያሱ ሐረር ሳሉ መስከረም 17 ቀን መኳንንቱና ካህናቱ በአዲስ አበባ ተሰብስበው ከሥልጣን ሲያወርዷቸው፣ ከምክሩ ዋና ከነበሩት አንዱ የጦር ሚኒስትሩ ናቸው። የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ብርቱ ጦር ይዘው ከወሎ ተነሡ። የሸዋ ጦር ግን ገና አልተጠቃለለም ነበር። እንደሚተረከውም ፊታውራሪ ለንጉሥ ሚካኤል የወዳጅነት መልክ ያለው ደብዳቤ እያስጻፉ፣ ልባቸው ከእርሳቸው ጋር እንደ ሆነ እያስመሰሉ ቀን ገዙ። ጦራቸው ከተሰበሰበ በኋላ ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ሜዳ ታላቅ ውጊያ ሆነ፤ ንጉሥ ሚካኤልም ተማረኩ። ማንበብ የማይችሉ ሰው ደብዳቤን እንደ ምሽግ ተጠቀሙበት ማለት ነው። ፊደሉን የሣለው የጸሐፊው እጅ ነው፤ ያ ወረቀት በአንባቢው ልብ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ያሰበው ግን የማያነበው ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ከንግሥቲቱና ከአልጋ ወራሹ ከራስ ተፈሪ ጋር የመንግሥቱ ሦስተኛ ምሰሶ ሆነው ኖሩ። በ1910 ዓ.ም. መሐል ሰፋሪው ጦር ተነሥቶ ሚኒስትሮቹ ይሻሩልን ባለ ጊዜ፣ ሌሎቹ ሲሻሩ እርሳቸው ከሥልጣናቸው አልተነቀሉም። ጦሩ ያከብራቸው፣ ይፈራቸውም ነበር። በታኅሣሥ ወር 1919 ዓ.ም. እስከ ሞቱ ድረስ ማንም ሳያማክራቸው ታላቅ ነገር ለመሥራት አይችልም ነበር። ሲሞቱ ሠራዊታቸው ወደ ራስ ተፈሪ መዞሩ ለአልጋ ወራሹ ሥልጣን ምን ያህል መንገድ እንደ ከፈተ የታሪክ አንባቢ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ በስማቸው የሚጠራው ድልድይ መታሰቢያቸው ነው።

ይሁን እንጂ ሰውን ስናመሰግን ጥላውን መደበቅ አይገባንም። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የድሮውን ሥርዐት አጥብቀው የያዙ፣ አዲስ ነገር ሲመጣ የሚጠራጠሩ ሰው ነበሩ። ተማርከው የመጡት ልጅ በኋላ ዘመን በሌላ ሕዝብ ላይ ገዢ ሆኑ፤ በደቡብ አገር ገባሩ ወታደሩን ተሸክሞ ይኖርበት የነበረውም ሥርዐት በእርሳቸው ግዛት ያው ነበር። ብልኅነትና ርኅራኄ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ መኖሩ ለሌላው ዋስ አይሆንም።

ደግሞም አንድ ሌላ ነገር እናስተውል። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ካለፉ በኋላ እንኳ ዛሬ በራሳቸው ቃል ያነጋግሩናል። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን ግን የምናውቃቸው ሌሎች በጻፉላቸውና በተረኩላቸው ብቻ ነው። የወላይታው የመጨረሻ ንጉሥ ካዎ ጦናም እንዲሁ ናቸው። በ1887 ዓ.ም. የምኒልክን ጦር ገጥመው እስከ ተማረኩ ድረስ፣ በጽሑፍ ባልዋለ ቋንቋ ሸንጎ እየሰበሰቡ፣ ጦር እያሰለፉ አገር አስተዳድረዋል። የዘመቻቸው ታሪክ በጽሑፍ የቀረው ግን ከአሸናፊው ጋር በመጡት ሰዎች ብዕር ነው። አለመጻፍ የአእምሮ ጉድለት አይደለም፤ ነገር ግን የማይጽፍ አእምሮ ምስክርነቱን ለሌላ ሰው አደራ ሰጥቶ ይሄዳል። አደራ ተቀባዩም ሁልጊዜ ታማኝ አይሆንም።

ከዚህ ተነሥተን ፊደል ምንም አይደለም የምንል እንዳይመስል ያስፈልጋል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜአቸውን ሁሉ የደከሙበትና ከሞታቸው በኋላ በ1948 ዓ.ም. የታተመው ታላቅ መዝገበ ቃላት የፊደል መንታዎች እያንዳንዳቸው ሥር እንዳላቸው ያስተምራል። በግእዝ ሠረቀ ቢል ወጣ፣ ታየ ማለት ነው፤ ሰረቀ ቢል ግን ሌብነት ነው። ዓመት ዘመን ነው፤ አመት ገረድ ናት። ይህን ለይቶ ማወቅ ዕውቀት ነው፤ የተማረ ሰው ቢጠብቀው ክብሩ ነው። ነገር ግን የአማርኛ ተናጋሪ አፍ እነዚህን ድምፆች ካቀላቀለ ብዙ ዘመን ስለ ሆነው፣ ፊደሉን በትክክል ለመጻፍ ማሰብ ሳይሆን መማር ያስፈልጋል። ያልተማረው ሰው ይስታል፤ ያልተማረ ግን ያላሰበ ማለት አይደለም።

እንግዲህ ሦስት ነገሮችን እንለይ። አንደኛው የትምህርት ዕድል ነው፤ ይህ በሰው እጅ አይደለም። ሁለተኛው ጥንቃቄ ነው፤ ይህ በእጃችን ነውና ተምረን ሳለን በቸልተኝነት ብንስት እንወቀስበታለን። ሦስተኛው ማስተዋል ነው፤ ይህንንም በፊደሉ ሳይሆን በነገሩ ውስጥ ገብተን ካልፈለግነው አናገኘውም። የኔ ጥፋት የመጀመሪያውን አይቼ ስለ ሦስተኛው መፍረዴ ነው። በእውነቱም ያን ቀን ጥንቃቄ የጎደለው እኔው ነበርሁ፤ ሦስት ጊዜ የመጣ ወረቀት ሁለት ጊዜ አላነበብሁትምና።

ዛሬ ሶዶ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መስተዳድር መቀመጫ ሆናለች፤ የክልሉም የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። ስለዚህ ከብዙ ቋንቋ የሚመጣ ብዙ ሰው፣ ብዙ የተሰናከለ አማርኛ ይዞ ወደ ወጣት ሠራተኞች ጠረጴዛ ይቀርባል። ሠራተኛው መጀመሪያ ፍሬ ነገሩን ያንብብ፤ ፊደሉ መቃናት ካለበት ባለጉዳዩን ሳያመላልስ እርሱው ያቅና። ተማሪውም በበኩሉ ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ማስተዋልን፣ ከጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ደግሞ ብዕርን ይውረስ። እነዚያ ሁለት ሰዎች ሁለቱን ተካፍለው በአንድ ሸንጎ ተቀመጡ፤ የዛሬ ወጣት ግን ሁለቱንም በአንድ ራሱ ለማስማማት ዕድል አለው።

የእኒያ አባት መዝገብ ተስተካክሏል። ይቅርታም ጠይቄአቸው፣ የወላይታ ሽማግሌ በሚያውቀው ትዕግሥት ተቀብለውኛል። የተቆረጠው ባሕር ዛፍ ግን በይቅርታ አይበቅልም። ቀዩን እስክሪብቶ ከጠረጴዛዬ ላይ አላነሣሁትም፤ የማነሣው ግን ወረቀቱን እስከ መጨረሻው ካነበብሁ በኋላ ነው።