ኡሙ አይመን፦ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ያሳደገችው ሐበሻዊት እናት

በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋማ ወረዳዎች ሰው ከሰው ሲተዋወቅ ቶሎ የሚነሣው የትውልድ ነገር ነው። የማን ልጅ ነህ፣ አያትህስ ከየት ናቸው ይባላል። ዋግሹሞች የዘር ሐረጋቸውን እስከ ዛግዌ ነገሥታት ድረስ ይቆጥሩ እንደነበር የታወቀ ነው። በደጋው ኢትዮጵያ የኖረው ሙስሊም ግን የቱንም ያህል ትውልድ ቢቆጥር እንደ እንግዳ የሚታይበት ዘመን ረጅም ነበር። ርስት እንዳይኖረው ተከልክሎ በንግድና በሽመና ይተዳደር ነበር። ሰማይ ምሰሶ እንደሌለው ሁሉ ሙስሊምም አገር የለውም የሚል ክፉ አባባል ይነገርበት ነበር። መጠሪያችን እንኳ በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች የሚል ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም በአዲስ አበባ ሰልፍ የወጡት አባቶቻችን ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ተብለን እንጠራ የሚል ነበር።

የአንድ አገር ሰው መሆን በደም ነው ወይስ በመኖር? በአባት ስም ነው ወይስ በሥራ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ስንፈልግ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከእኛው ምድር የወጣች፣ በሰው አገር በባርነት የኖረች፣ ነገር ግን የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤተሰብ ለመባል የበቃች አንዲት ሴት አለች። እርሷም በረካ ቢንት ሠዕለባ ናት፤ በኩንያዋ ኡሙ አይመን (ረ.ዐ) ትባላለች።

የታሪክ መጻሕፍት ሐበሻዊት እንደነበረች ይነግሩናል እንጂ የመጣችበትን መንደርና ጎሳ አልመዘገቡም። ስለዚህ ማንም የእኔ ወገን ብቻ ናት ሊል አይችልም። በወጣትነቷ የነቢዩ አባት የዐብዱላህ ኢብኑ ዐብዱልሙጠሊብ አገልጋይ ነበረች። ዐብዱላህ ልጃቸው ሳይወለዱ ሞቱ። ለልጃቸው የተረፈው ውርስም አምስት ግመሎች፣ ጥቂት በጎችና ይህች ሐበሻዊት አገልጋይ ነበሩ። እንግዲህ በረካ ወደዚያ ቤት ስትገባ የተቆጠረችው ከከብቱ ጋር ነው።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ እናታቸው አሚና ዘመድ ለመጠየቅ ወደ የሥሪብ፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ መዲና ይዘዋቸው ሄዱ። በረካም አብራ ነበረች። በመልሱ ጉዞ ላይ አሚና ታመው አብዋእ በተባለ ቦታ አረፉ። በበረሃ መካከል እናቱን የቀበረ ሕፃንና አንዲት ባሪያ ብቻቸውን ቀሩ። በረካ ልጁን ይዛ እስከ መካ ደረሰች፤ ለአያታቸው ለዐብዱልሙጠሊብም አስረከበች። ከሁለት ዓመት በኋላ አያትየውም ሞቱ። ልጁ ወደ አጎታቸው ወደ አቡ ጧሊብ ቤት ሲሸጋገሩ በረካ ከጎናቸው አልተለየችም። አባት፣ እናትና አያት በየተራ ሲያልፉ ከልጅነት እስከ ጉልምስና የዘለቀችው እርሷ ናት።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኸዲጃን (ረ.ዐ) ባገቡ ጊዜ በረካን ነፃ አወጧት። ከዚያም ከኸዝረጅ ነገድ የሆነውን ዑበይድ ኢብኑ ዘይድን አገባችና አይመን የተባለውን ልጅ ወለደች። ኡሙ አይመን፣ የአይመን እናት፣ የተባለችው ከዚህ በኋላ ነው። ከእርሱ በኋላም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የጀነት ሴት ማግባት የሚሻ ኡሙ አይመንን ያግባ ባሉ ጊዜ ዘይድ ኢብኑ ሓሪሣ አገባት። ዘይድ ራሱ ከከልብ ነገድ የተወለደ ነፃ ዐረብ ሲሆን በልጅነቱ ተማርኮ የተሸጠ ነበር። ከዚህ ጋብቻ ኡሳማ ተወለደ።

ኡሙ አይመን ኢስላምን ቀድመው ከተቀበሉት መካከል ናት። ወደ መዲና የተሰደደችውም በከባድ ጉዞ ነበር። በበረሃው ውስጥ ፆመኛ ሆና ውኃ አልቆባት ለሞት በተቃረበችበት ሰዓት ከሰማይ በነጭ ገመድ የተንጠለጠለ የውኃ ባልዲ እንደወረደላት፣ ከዚያ ቀን በኋላም ጥም እንዳልነካት በኢብኑ ሰዕድ መጽሐፍ ተዘግቧል። እንዲህ ሁለት ጊዜ ተሰደደች ማለት እንችላለን፤ አንድ ጊዜ ሳትወድ ከሐበሻ፣ አንድ ጊዜ ወዳ ለዲኗ ስትል ከመካ።

ብዙ ዘመን በዐረቦች መካከል ብትኖርም ምላሷ የትውልድ አገሯን አልረሳም። ሰላምታ ስትሰጥ አንዲት ቃል እየገባችባት ትርጉሙን ትገለብጠው ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አላፌዙባትም፤ ሰላም የሚለውን ቃል ብቻ እንድትል ፈቀዱላት። ይህ ነገር ለእኛ ቀላል አይደለም። ከዋግ ወጥቶ በትልቅ ከተማ አማርኛ የሚናገር የኽምጣና ተናጋሪ፣ ወይም በዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን፣ በአነጋገሯ ሲሳቅባት ምን እንደሚሰማት እናውቃለን። በነቢዩ መስጂድ ግን አፏ ስለተኮላተፈ ከማኅበረሰቡ የወጣች ሴት አልነበረችም።

በመዲና የመሬት ጉዳይም ተነሥቶ ነበር። አንሷሮች ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰጧቸውን የተምር ዛፎች ነቢዩ ለኡሙ አይመን ሰጥተዋት ነበር። በኋላ ባለቤቶቹ ዛፎቻቸውን ሲጠይቁ እርሷ አልመልስም አለች። ሊቀበል የመጣው ወጣቱ አነስ ኢብኑ ማሊክ ነበርና በአንገቱ ላይ ልብስ ጠምጥማ ተሟገተች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አልተቆጧትም፤ አንቺ ማነሽና ነው ይህን የምትጠይቂው አላሏትም። በምትኩ ይህን ያህል ውሰጂ እያሉ ይጨምሩላት ጀመር፤ እስከ አሥር እጥፍ ድረስ ሰጥተው አስማሟት። ታሪኩ በቡኻሪ ይገኛል። ትናንት ከከብት ጋር የተወረሰች ሴት ዛሬ ለንብረቷ የምትሟገት፣ ክርክሯም የሚሰማላት ሆነች።

በኡሑድ ዘመቻ በሦስተኛው ዓመተ ሒጅራ ውኃ እያቀበለች ቁስለኞችን ስታክም ዋለች። ሸሽተው የሚመለሱትን ፊታቸው ላይ አፈር እየበተነች ትወቅሳቸው ነበር። በኸይበርም ተገኝታለች። በስምንተኛው ዓመተ ሒጅራ ባሏ ዘይድ በሙእታ ተሰዋ፤ በዚያው ዓመት የበኩር ልጇ አይመን በሑነይን ተሰዋ። አንድን ማኅበረሰብ ከዚህ በላይ በምን ይከፍሉታል?

ሆኖም የዘር ወሬ እዚያም አልጠፋም። ዘይድ ቀይ፣ ልጁ ኡሳማ ግን እንደ እናቱ ጥቁር ስለነበረ አንዳንድ ሰዎች ልጅነቱን ይጠራጠሩ ነበር። አንድ ቀን ሙጀዚዝ የተባለ የዘር ምልክት የሚያውቅ ሰው አባትና ልጅ ተሸፋፍነው ተኝተው እግራቸውን ብቻ ባየ ጊዜ እነዚህ እግሮች አንዱ ከሌላው የተገኙ ናቸው ሲል መሰከረ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በደስታ ፊታቸው እያበራ ወደ ዓኢሻ (ረ.ዐ) ገብተው ነገሯት። በ11ኛው ዓመተ ሒጅራም ሃያ ዓመት እንኳ ያልዘለለውን ይህን የሐበሻዊት ልጅ ታላላቅ ሶሐቦች በነበሩበት ጦር ላይ አዛዥ አድርገው ሾሙት። ሹመቱን የነቀፉ ነበሩ፤ ነቢዩ ግን አባቱንም ቀድሞ ነቅፋችሁ ነበር ብለው መለሱላቸው። በኋላም ዑመር (ረ.ዐ) በከሊፋነታቸው ጊዜ ለኡሳማ የመደቡት ድርሻ ለገዛ ልጃቸው ለዐብዱላህ ከመደቡት የበለጠ ነበር።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኡሙ አይመንን ከእናታቸው በኋላ እናታቸው እንደሆነች፣ ከቤተሰባቸውም የተረፈች እርሷ እንደሆነች ይናገሩ ነበር። እርሳቸው ካለፉ በኋላ አቡበክርና ዑመር (ረ.ዐ) እንደ ነቢዩ ልማድ ሊጠይቋት ሄዱ። አለቀሰች። አላህ ዘንድ ያለው ለነቢዩ እንደሚሻል ሲያጽናኗት ያንንስ እንደምታውቅ፣ የምታለቅሰው ግን ከሰማይ ይወርድ የነበረው ወሕይ ስለተቋረጠ እንደሆነ ነገረቻቸው። ሁለቱም አብረዋት አለቀሱ። ይህ በሙስሊም ሐዲስ ስብስብ ውስጥ ተመዝግቧል።

የእርሷ ታሪክ በሞቷ አላበቃም። ከብዙ ዓመታት በኋላ በመዲና ኢብኑ አቢል ፉራት የተባለ ሰው ከልጅ ልጇ ከሐሰን ኢብኑ ኡሳማ ጋር ተጣላና የበረካ ልጅ ብሎ ጠራው። ቃሉ ስድብ አይመስልም፤ በረካ የአያቱ ስም ነውና። ሐሰን ግን ነገሩን ወደ ዳኛው ወደ አቡበክር ኢብኑ ሙሐመድ ኢብኑ ዐምር ኢብኑ ሐዝም ወሰደው። ተከሳሹ በስሟ ነው የጠራኋት ብሎ ተከላከለ። ዳኛው አልተቀበሉትም፤ የባርነት ስሟን ያነሣው ልጇን ለማሳነስ እንደሆነ፣ የአላህ መልእክተኛ ግን እናቴ ሆይ እያሉ ይጠሯት እንደነበር ነግረው ሰባ ግርፋት ፈረዱበት።

ይህ ፍርድ ዛሬም ይመለከተናል። በቅርቡ በነበረው ጦርነት ከአበርገሌና ከሌሎችም ቦታዎች የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎች ሰቆጣን ተጠግተዋል። በየከተማው መጤ የሚለው ቃል የሰውን ቤትና ሥራ ሲያሳጣ አይተናል። እኛ አገር የለህም ተብለን የቆየን ሕዝቦች ይህን ቃል በሌላው ላይ ለመወርወር የመጨረሻዎቹ ልንሆን ይገባናል። በገበያ፣ በመስጂድ፣ በዕድርና በሠርግ ላይ የሰውን አያት እየቆጠርን የምናሳንስ ከሆነ ያ በመዲና የተቀጣው ሰው የሠራውን እየሠራን ነው። ልጆቻችንም የኡሙ አይመንን ስም ሲሰሙ ሐበሻ መሆንና ሙስሊም መሆን የተጣሉበት ዘመን እንዳልነበረ፣ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) በበረሃ ይዛ ለቤተሰባቸው ያደረሰች እጅ የሐበሻ እጅ እንደነበረች ይወቁ።

አላህ (ሱ.ወ) ሥራዋን ይውደድላት፤ እኛንም በጀነት ከእርሷ ጋር ይሰብስበን። አሚን።