ሄንሪ ሞድስሌይ፤ የባለሙያዎች አባት

ትልቅ ሰው የሚባለው በእጁ ብዙ የሠራ ብቻ አይደለም፤ እውቀቱን ሳይሰስት ለሌላው ያስተላለፈም ጭምር ነው። እንግሊዛዊው መኪና ሠሪ ሄንሪ ሞድስሌይ ከእነዚህ አንዱ ነበር።

ሞድስሌይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1771 ዓ.ም. በዉሊች ተወለደ። ገና በ12 ዓመቱ በመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ለጥይት ባሩድ በመሙላት እንጀራውን መብላት ጀመረ፤ በኋላም አናጢነትንና ብረት ቀጥቃጭነትን ተማረ። በ18 ዓመቱ ስመ ጥሩው ቁልፍ ሠሪ ጆሴፍ ብራማ ቀጠረው። የብራማ ቁልፍ ረቂቅ ስለ ነበረ በእጅ ሲሠራ ዋጋው ይወደድ ነበር፤ ሞድስሌይ ግን ክፍሎቹን የሚያወጡ መኪናዎችን ሠራለት። ይሁን እንጂ ባለ ትዳር ሆኖ በሳምንት ከሚያገኘው 30 ሽልንግ ላይ ጭማሪ ቢጠይቅ ተከለከለ፤ ስለዚህ በ1797 ዓ.ም. ወጥቶ የራሱን የሥራ ቤት ከፈተ።

በዚያ ዘመን አንድ ብሎን ከገዛ ዳዶው በቀር ከሌላ ጋር አይገጥምም ነበር። ሞድስሌይ ግን ባሻሻለው ቶርኖ የሥራ ቤቱን ብሎኖች በአንድ ልክ አወጣ። የሠራውም መለኪያ የአንድ ኢንች 10,000ኛ እጅ ያህል ልዩነት ይለይ ነበር፤ ሠራተኞች በልክ ሲከራከሩ የመጨረሻውን ፍርድ ስለሚሰጥ በእንግሊዝ ታላቅ ዳኛ ማዕረግ ሎርድ ቻንስለር ተባለ። ማርክ ብሩኔል ለመርከብ የገመድ መዘውር ማውጫ ያቀዳቸውንም 45 መኪናዎች ሠራ፤ በእነርሱም በፖርትስመዝ 10 ሰዎች የ110 ሰዎችን ሥራ ሠሩ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ያፈራቸው ሰዎች ናቸው። በ1829 ዓ.ም. ወጣቱ ጄምስ ናስሚዝ ሊማር ሲመጣ፥ ሞድስሌይ ከፍለው የሚማሩ ልጆች አስቸግረውት ስለ ነበር ተማሪ መቀበል ትቶ ነበር። ነገር ግን ወጣቱ በእጁ የሠራትን ትንሽ የእንፋሎት ሞተር ባየ ጊዜ ያለ ክፍያ የቅርብ ረዳቱ አደረገው። ናስሚዝ በኋላ የእንፋሎት መዶሻ ሠራ። ሌላው ደቀ መዝሙሩ ጆሴፍ ዊትዎርዝ በ1841 ዓ.ም. የብሎን ጥርስ በአገሩ ሁሉ አንድ ልክ እንዲኖረው ሐሳብ አቀረበ፤ ጆሴፍ ክሌመንትም የቻርልስ ባቤጅን የሒሳብ መኪና ክፍሎች ሠራ።

ሞድስሌይ በ1831 ዓ.ም. ሞተ። ዛሬ በማይክሮስኮፕ ሥር ከጸጉር የቀጠኑ ክፍሎችን የሚገጣጥሙ መኪናዎች የሚሠሩ ተመራማሪዎችም አስቀድመው የሚማሩት ያንኑ በትክክል መለካትን ነው።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ብረት የሚቀጠቅጠውን እጅ አንናቅ። ያወቅነውንም ለታናናሾቻችን እናሳይ፤ የተሰወረ ጥበብ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራልና።