ዣን ዣክ ሩሶና የሕዝብ ሉዓላዊነት

የመንግሥት ሥልጣን ምንጩ ማን ነው? ለዚህ ጥያቄ በአውሮፓ ለብዙ ዘመናት ይሰጥ የነበረው መልስ ነገሥታትንና መሳፍንትን የሚጠቅም ነበር። ይህን መልስ ከሥሩ ከነቀነቁት አሳቢዎች አንዱ ዣን ዣክ ሩሶ ነው።

ሩሶ እ.ኤ.አ. በ1712 በጄኔቫ ከተማ ከአንድ ሰዓት ሠሪ ተወለደ። እናቱ በወለደችው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞተች። በልጅነቱ ብረት ቀርጾ የሚያስጌጥ ባለሙያ ዘንድ ለሥራ ልምምድ ገባ፤ የአሠሪው ዱላ ስለመረረው በ1728 አገሩን ጥሎ ተሰደደ። በሰው ቤት በአሽከርነት አገልግሏል፤ በኋላም የሙዚቃ ኖታ እየገለበጠ ኖሯል። ስለ ጭቁኖች ሲጽፍ ሕይወታቸውን ያውቀው ነበር።

በ1755 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የሰው ልጅ አለመመጣጠን የተፈጥሮ ሳይሆን የግል ሀብት መስፋፋት ውጤት መሆኑን፣ ሕግም በአመዛኙ የባለጸጎችን ይዞታ ለማጽናት እንደቆመ አስረዳ። ከእርሱ በፊት እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ በ1651፣ ሕዝብ ደኅንነቱን ለማግኘት ሥልጣኑን ለገዥ አሳልፎ መስጠት እንዳለበት አስተምሮ ነበር። ሩሶ ግን በ1762 በታተመው «ማኅበራዊ ውል» ይህን ተቃወመ። በእርሱ አስተሳሰብ ሉዓላዊነት የሕዝብ ነው፤ ለሌላ አይተላለፍም፣ አይከፋፈልምም። መንግሥት አስፈጻሚ እንጂ ጌታ አይደለም። የጋራ ፈቃድም የግል ጥቅሞች ድምር ሳይሆን ለሁሉም የሚበጀው ነው።

በዚያው ዓመት የፓሪስ ፍርድ ቤት «ኤሚል» የተሰኘው መጽሐፉ እንዲቃጠልና እርሱም እንዲያዝ አዘዘ። የትውልድ ከተማው ጄኔቫ ሁለቱንም መጻሕፍት አቃጠለች። ሩሶ ከስደት ወደ ስደት ሲንከራተት ኖሮ በ1778 ሞተ። ከ11 ዓመት በኋላ ግን የፈረንሳይ አብዮት የመብቶች መግለጫ ሕግ የጋራ ፈቃድ መግለጫ መሆኑን ደነገገ።

ይሁን እንጂ አስተሳሰቡ እንከን አልነበረውም ማለት አይቻልም። ሴቶችን ከፖለቲካ ሕይወት አግልሏል። የጋራ ፈቃድ የትኛው እንደሆነ ማን ይወስናል ለሚለውም አጥጋቢ መልስ አልሰጠም። በ1793 እና በ1794 የፓሪስ መሪዎች በሕዝብ ስም ብዙዎችን፣ ከሕዝቡም ከራሱ የወጡትን፣ ለሞት ዳርገዋል።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። በሕዝብ ስም መናገርና ሕዝቡ ራሱ መናገሩ የተለያዩ ናቸው። በማኅበሩ ስብሰባ የማይገኝ፣ ተገኝቶም የማይጠይቅ አባል ሉዓላዊነቱን ሳያውቀው አሳልፎ ይሰጣል። ስለሆነም እያንዳንዱ ወዝአደርና የቀበሌ ነዋሪ በስሙ የሚወሰነውን መመርመርና የመረጣቸውን መቆጣጠር ይገባዋል።