አባ ኢየሱስ ሞአ እና የሐይቅ ደን ነፍሳት

ነፍሳት የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ወገን አለው። ለገዳም ሰው የምእመናን ነፍስ ነው፤ ለእኛ ሙያ ግን ጉንዳንና ተርብ፣ ጢንዚዛና ቢራቢሮ ነው። ስለ አባ ኢየሱስ ሞአ እንድጽፍ በታዘዝሁ ጊዜ በመጀመሪያ የታሰበኝ ይኸው መንታ ቃል ነበር። ጻድቁ የጠበቁት የመጀመሪያውን ወገን ነው፤ ነገር ግን ሁለተኛውም ሳይታሰብ በጥላቸው ሥር ተጠልሎ ኖሯል።

አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ዳኅና በተባለው አገር ተወለዱ። በጎልማሳነታቸው ወደ ትግራይ ተሻግረው ደብረ ዳሞ ገቡ፤ በአባ ዮሐኒ እጅ መነኰሱ፤ የመጻሕፍትንም ጽሕፈት ተማሩ። ሰባት ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ በ1240 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሐይቅ መጡ። የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ከእርሳቸው በፊት የተተከለ ነው፤ ገዳምና ትምህርት ቤት አድርገው ያቆሙት ግን እርሳቸው ናቸው። ከደቀ መዛሙርታቸው ስመ ጥሩው አቡነ ተክለ ሃይማኖት አሥር ዓመት ያህል በዚያ ተምረዋል። በ1262 ዓ.ም. ይኵኖ አምላክ በነገሠ ጊዜም ትውፊቱ የአባ ኢየሱስ ሞአን ድጋፍ ያነሣል፤ ከዚያ ወዲህ የሐይቅ አበምኔቶች ዐቃቤ ሰዓት ተብለው በቤተ መንግሥት ትልቅ ቦታ ያዙ።

ለእኔ ከዚህ ሁሉ ክብር ይልቅ የሚያስደንቀኝ በ1273 ዓ.ም. ገደማ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል ነው። የራሳቸው ሥዕል ያለበት ይህ መጽሐፍ ከ700 ዓመት በላይ ኖሯል። የብራና ሥራ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ይረዳል፤ የእንጨቱን ገበታ የሚቦረቡር ጢንዚዛ፣ ቆዳውን የሚበላ ትል፣ ከወለል የሚወጣ ምስጥ፣ ሁሉም የመጽሐፍ ጠላት ነውና። ጻድቁ በ1285 ዓ.ም. ገደማ ዐረፉ፤ በዓላቸውም ኅዳር 26 ቀን ይከበራል።

ስለ ዛፍ ያወጡት ሕግ ነበር ብዬ አልከራከርም። ደኑን ያቆየው የማኅበሩ ኑሮ ነው። ቅጥር ባለበት ከብት አይገባም፤ ለቤተ ክርስቲያን ጥላ የሚሆነውን ዛፍ በዋዛ የሚነካ የለም። በ1510ዎቹ ዓ.ም. አገራችንን የጐበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በደሴቱ ላይ የሎሚና የብርቱካን ዛፎች እንደ ነበሩ ጽፏል። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የኢማም አሕመድ ጦር ገዳሙን ዘረፈ፤ መነኰሳቱ ግን ተመልሰው አቀኑት። ደሴቱም ዛሬ ከየብስ ጋራ ተያይዞ ባሕረ ገብ መሬት ሆኗል።

እንዲህ ባለው አሮጌ ደን ውስጥ ያለው የነፍሳት ኑሮ እጅግ የተወሳሰበ ነው። አንድ ሾላ ብቻ እንመልከት። ፍሬው የታጠፈ የአበባ ከረጢት ነው፤ በጠባብ ቀዳዳ የምትገባ ደቃቃ ተርብ ካልደረሰችለት ዘር አይዝም። እርስዋም ከዚያ ፍሬ ውጭ እንቍላልዋን የምትጥልበት የላትም። የወደቀ ግንድ፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ ቍጥቋጦና ሐረግ እያንዳንዱ የየራሱን ነዋሪ ይይዛል።

ወደ ባሕር ዛፉ ስንሻገር ነገሩ ይለወጣል። ይህ ዛፍ በ1880ዎቹ ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራልያ ሲመጣ በዘር ስለ መጣ የአገሩን ተባይ አላስከተለም። የእኛም ነፍሳት ቅባታም ቅጠሉን እምብዛም አይነኩትም። ጥላው ሥር ሣርና ቍጥቋጦ ይሣሣል፤ የረገፈውም ቅጠል ለማገዶ ይጠረጋል። ስለዚህ የነፍሳቱ ዐይነት ያንሳል። ነገር ግን ባሕር ዛፍን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። አበባው ለንብ መልካም ቀለብ ነው፤ በተሁለደሬና በአምባሰል ለሚኖር ገበሬም አጠናው ሳይሸጥ የማይታለፍ ወጪ አለ።

ዋናው ሥጋት ሌላ ነው። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ጠላቶቹ ተከትለውት ደረሱ፤ ከእነርሱም አንዷ በለጋው ቅጠል ሥርና አንጓ ላይ እብጠት የምታበጅ ተርብ ናት። በዚያው ዘመን በፈረንጅ ጥድ ላይ የታየው ክሽክሽ የአገራችንንም ጥድ ያጠቃል። አንድ ዐይነት ዛፍ በሰፊው በተተከለበት ቦታ የተራባ ተባይ የገዳም ቅጥር አይመልሰውም።

በአንጻሩ የተባዩ ጠላቶች፣ ማለትም ጥገኛ ተርቦችና ክሽክሽ የሚበሉ ጢንዚዛዎች፣ የአበባ ማርና መጠለያ የሚያገኙት ከነባሩ ደን ነው። ስለዚህ በተከላውና በደኑ መካከል ዋንዛ፣ ብሳናና ወይራ የተሰባጠሩበት ጠባብ መቀነት ቢተው ለሁለቱም ይበጃል እላለሁ። ችግሩ መቀነቱ የሚያርፍበት መሬት የገበሬው መሆኑ ነው። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ለሽያጭ ሲደርስ ወይራ የልጅ ልጅ ይጠብቃል። ያንን ልዩነት ማን እንደሚከፍል እስካልተወሰነ ድረስ ገበሬውን ትከል ማለት አይቻልም፤ ከማኅበራችን አባላት በደን ኢኮኖሚ የሠለጠኑት በዚህ ላይ ሒሳቡን ቢሠሩልን እወድዳለሁ።